የአዲስ አበባው የኤሌክትሪክ ባቡር አሠራርና የአገልግሎቱ ታሪክ

«ባቡር» የሚለው ቃል ወደ አገራችን የገባው ከውጭ ነው። መነሻው «ቫፖሬ» የሚለው የኢጣልያ ቃል ሲሆን ትርጓሜውም እንፋሎት ማለት ነው። ስለዚህ አባቶቻችን በእንፋሎት ኀይል የሚሠራውን ብዙውን ነገር በዚሁ ስም ይጠሩት ነበር፤ በሐዲድ ላይ የሚሄደውንም ለይተው ምድር ባቡር አሉት። ይህ ጽሑፍ የሚናገርለት ባቡር ግን እንፋሎት ከቶ የለበትም። ውሃ አያፈላም፥ ከሰል አይበላም፥ ጢስ አያወጣም፤ ከጥንቱ ባቡር የወረሰው ስሙንና ሐዲዱን ብቻ ነው። ይኸውም በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ ሥራ የጀመረው፥ ሕዝቡ «ቀላል ባቡር» የሚለው የኤሌክትሪክ ባቡር ነው።

በሌሎች አገሮች ስለ አንድ ዓይነት የባቡር ሠረገላ ብቻ ወፍራም መጽሐፍ የሚጽፉ ሰዎች አሉ። ማን እንደ ነደፈው፥ ስንት እንደ ተሠራ፥ በየትኛው መሥመር እንዳገለገለ፥ በመጨረሻም በምን ምክንያት ከሥራ እንደ ወጣ አንድ በአንድ ይመዘግባሉ። በእኛ አገር እንዲህ ያለው ልማድ ገና አልተስፋፋም። መኪና ሲገባ በእልልታ ይመረቃል፤ ሲሰበር ግን ታሪኩ አብሮት ይቀራል። ከዚህ ትምህርት ቤት ተማሪዎች መካከል ባቡር በዓይናቸው ያዩት ጥቂቶች ስለ ሆኑ፥ ስለ 41ዱ የአዲስ አበባ ባቡሮች በዚህ የመታሰቢያ መጽሐፍ ማንበቡ አይከፋቸውም ብዬ ጽፌያለሁ። የውጭ አገሩንም ሆነ የአገራችንን ዓመተ ምሕረት በኢትዮጵያ አቆጣጠር አድርጌዋለሁ።

ሐዲድ ባይኖርም፥ ከባድ ነገርን በመንኮራኩር የመሳብ ጉዳይ ለጋይንት ምድር እንግዳ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጉዙ ያለፉት በዚሁ በእኛ በኩል ነው። መድፉ 70 ኩንታል ያህል ይመዝን ነበር ይባላል። ንጉሡ ከሠራዊታቸው ጋራ ሆነው ድንጋይ እየፈነቀሉ፥ ገደል እየደለደሉ፥ በየዳገቱ ሰው በገመድ እየሳበው ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀ። የጨጨሆን አፋፍ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ይገባዋል። መንኮራኩር ብቻውን ምንም አይደለም፤ ለስላሳና ጠንካራ መንገድ ከሥሩ ይፈልጋል። ሐዲድ የሚባለው ነገርም የተፈለሰፈው ለዚሁ ነው፤ የብረት መንኮራኩር በብረት ላይ ሲንከባለል የሚገጥመው መከላከያ ከጎማና ከአስፋልት ይልቅ እጅግ ያነሰ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ገንዘብ አለቀ፥ ኩባንያው ተለወጠ፥ የፈረንሳይና የእንግሊዝ መንግሥታት ተጨቃጨቁበት፤ አዲስ አበባ የገባው ንጉሠ ነገሥቱ ካረፉ በኋላ በ1909 ዓ.ም. ነው። ርዝመቱ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነበር። በዚያው በምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ በሐዲድ ሳይሆን በመንገድ ላይ የሚሄድ የእንፋሎት መኪና አስመጥቶ ነበርና ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» አለው። ስሙ እስከ ዛሬ ይነገራል።

እነዚህ ሁሉ ከፊት አንድ ትልቅ ሞተር፥ ከኋላ የሚጎተቱ ፉርጎዎች ያሏቸው ናቸው። የከተማ ባቡር ግን በሌላ መንገድ የመጣ ነው። ሞተሩ ከተሳፋሪው ጋራ በአንድ ሠረገላ ውስጥ ይሆናል፤ ጎታችና ተጎታች የሚባል ነገር የለም። በእኛ ቀጠና ለዚህ አሠራር ቀደምት ምሳሌ የምትሆነው በ1920ዎቹ መጨረሻ የመጣችው የፊያት ፋብሪካ ሥራ ሊቶሪና ናት። የናፍጣ ሞተሯን በራሷ ተሸክማ ከምጽዋ የባሕር ዳርቻ እስከ አሥመራ ደጋ ትወጣ ነበር፤ በኢጣልያ ወረራ ዘመን ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ በሚሄደው መሥመርም ተሰማርታ ነበር።

የከተማ ባቡር አባት የሆነችው ለንደን ናት። በ1855 ዓ.ም. ጥር ወር ከመሬት በታች የመጀመሪያውን መሥመር ስትከፍት ባቡሩን የሚጎትተው የእንፋሎት ሞተር ነበር። በዋሻ ውስጥ የከሰል ጢስ ምን ያህል እንደሚያስቸግር መገመት አያዳግትም። በ1883 ዓ.ም. እዚያው ለንደን ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሌላ መሥመር ተከፈተ። የዚህ መሥመር ሠረገላ ነዳፊዎች፥ «በዋሻ ውስጥ የሚታይ ነገር ስለሌለ መስኮት አያስፈልግም» ብለው በጣሪያው ሥር ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ተዉ። ተሳፋሪው ግን እንደ እስረኛ ቆጠረውና ጠላው፤ በኋላ የተሠሩት ሠረገላዎች መስኮት አበጁ። ለእኔ ይህች ትንሽ ነገር ብዙ ትናገራለች። ሰው የሚያየው ባይኖርም ማየት ይፈልጋል።

ከዚያ ወዲህ ትልቁን እርምጃ ያደረገው ፍራንክ ስፕራግ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። በ1880 ዓ.ም. በሪችመንድ ከተማ በኤሌክትሪክ የሚሄድ የመንገድ ላይ ባቡር በሰፊው አሠራ። ከዐሥር ዓመት ያህል በኋላ ደግሞ በቺካጎ፥ ብዙ ሠረገላዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሞተር ኖሯቸው ሁሉም በአንድ ነጂ እጅ እንዲታዘዙ የሚያደርግ ዘዴ አወጣ። ዛሬ በዓለም ላይ ያለው አብዛኛው የከተማ ባቡር የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። በአውሮፓ ዋና ምድር የመጀመሪያው የምድር ውስጥ ባቡር በቡዳፔስት የተከፈተው በ1888 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር፥ ማለት ከዐድዋ ድል ሁለት ወር በኋላ ነው። በአፍሪካ የምድር ውስጥ ባቡርን ያስቀደመችው ካይሮ ስትሆን መሥመሯን የከፈተችው በ1980 ዓ.ም. መስከረም ነው።

የአዲስ አበባን ባቡሮች የሠራው ፋብሪካ የሚገኘው በቻይና ሰሜን ምሥራቅ፥ ቻንግቹን በምትባል ብርዳም ከተማ ነው። የተቋቋመው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954፥ በእኛ በ1946 ዓ.ም. ገደማ ነው። የፔኪንግ የምድር ውስጥ ባቡር በ1962 ዓ.ም. መስከረም ሲከፈት ሠረገላዎቹን ያቀረበ ይኸው ፋብሪካ ነበር። የመጀመሪያው ዓይነት «ዲኬ 1» የሚባል ሲሆን የተሠራውም ከመክፈቻው ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ችግር አልታጣበትም። ግን ሠሪውና ተጠቃሚው በአንድ አገር ስለ ነበሩ ጉድለቱ ቶሎ ወደ ፋብሪካው ይደርስ ነበር፤ «ዲኬ 2»፥ «ዲኬ 3» እየተባለ እየተሻሻለ ሄደ። አንባቢ ይህን ነገር ልብ ቢል መልካም ነው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። ቻንግቹን ከዚያ ወዲህ ለቴህራን፥ ለሆንግ ኮንግና ለሪዮ ዴ ጄኔሮ ሠረገላ ሠርቷል። ለእኛ ሲሠራ ሲኤንአር የሚባለው ድርጅት አካል ነበር፤ በ2007 ዓ.ም. ሲኤንአር ከሌላው የቻይና ባቡር ሠሪ ድርጅት ጋራ ተዋሕዶ ሲአርአርሲ ተባለ።

የአዲስ አበባው ሥራ በ2004 ዓ.ም. ተጀመረ። ዋጋው 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ሲሆን ከመቶው 85 እጅ የተገኘው ከቻይና የኤክስፖርትና ኢምፖርት ባንክ በብድር ነው። ሥራውን የያዘው የቻይና የባቡር ሥራ ተቋራጭ ነበር። ሁለት መሥመሮች ተዘረጉ፤ አንደኛው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች 17.4 ኪሎ ሜትር፥ ሁለተኛው ከሰሜን ወደ ደቡብ ከዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ 16.9 ኪሎ ሜትር። በከተማው መካከል በሜክሲኮና በለገሐር በኩል ለጥቂት ኪሎ ሜትር ሁለቱም በአንድ ሐዲድ ይሄዳሉ። ጣቢያዎቹ 39 ናቸው። በለገሐር አጠገብ ሲያልፍ ተሳፋሪው በመስኮት በኩል በ1922 ዓ.ም. የተመረቀውን የጥንቱን የባቡር ጣቢያ ያያል። «ለገሐር» የሚለው ስም ራሱ «ላ ጋር» ከሚለው የፈረንሳይ ቃል የመጣ ነው፤ ትርጓሜውም ጣቢያ ማለት ነው።

በፒያሳ በኩል ግን ሥራው ቀላል አልነበረም። ሐዲዱ ከመሬት በታች በዋሻ እንዲያልፍ ስለ ተወሰነ፥ የሰማዕቱ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ከቆመበት ተነሥቶ በብሔራዊ ሙዚየም ተቀመጠ። በዚያን ጊዜ ሕዝቡ ብዙ አጉረመረመ፤ ሐውልቱ አይመለስም ብሎ የሠጋም ጥቂት አልነበረም። በ2008 ዓ.ም. ተመልሶ በስፍራው ቆመ። አገራችን በከተማ ውስጥ የምድር ውስጥ ባቡር አላት ከተባለ ያለችው ይህች አጭር ዋሻ ናት።

አሁን ወደ ባቡሩ ወደ ራሱ እንግባ።

አንዱ ባቡር ሦስት ክፍል አለው፤ ሦስቱም በተጣጣፊ መገናኛ የተያያዙ ስለ ሆኑ ተሳፋሪ ከዳር እስከ ዳር በውስጥ መሄድ ይችላል። ርዝመቱ ወደ 30 ሜትር ይጠጋል፥ ስፋቱ 2 ሜትር ከ65 ሳንቲ ሜትር ነው። የነጂ ክፍል በፊትም በኋላም ስላለው መጨረሻው ጣቢያ ሲደርስ መዞር አያስፈልገውም፤ ነጂው ብቻ ተነሥቶ ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዳል። የተቀመጠውና የቆመው ተሳፋሪ ተደምሮ 286 ሰው እንዲይዝ ተነድፏል። 12 ሰው የሚጭነውን ሚኒባስ ታክሲ ብናስብ፥ አንድ ባቡር 24 ታክሲ ይተካል ማለት ነው። የምሥራቅ ምዕራቡ መሥመር ባቡሮች በአረንጓዴና በነጭ፥ የሰሜን ደቡቡ በሰማያዊና በነጭ ቀለም ተቀብተዋል። በሁሉም ላይ የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ከ435 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህ በብዙው ዓለም የታወቀው መለኪያ ሲሆን የምኒልክ ዘመኑ ሐዲድ ከዚህ ይጠባል።

የዚህ ባቡር ዓይነት በመሐንዲሶች ዘንድ «ሰባ በመቶ ዝቅ ያለ ወለል ያለው» ይባላል። ምን ማለት ነው? የጥንት የከተማ ባቡር ወለሉ ከመንኮራኩሩና ከሞተሩ በላይ ስለ ነበር ለመሳፈር ሁለት ሦስት ደረጃ መውጣት ግድ ነበር። አረጋዊ፥ ነፍሰ ጡር፥ ዕቃ የያዘ ገበያተኛ ሁሉ ይቸገራል፤ እነርሱ እስኪወጡም ባቡሩ ይቆማል፥ ጊዜ ይባክናል። ስለዚህ ነዳፊዎች ወለሉን ከጣቢያው መድረክ ጋራ እኩል ለማድረግ ጣሩ። ችግሩ ሞተሩ የት ይግባ የሚለው ነው። መልሱ እንዲህ ሆነ። ሞተሮቹ በሁለቱ ጫፍ ክፍሎች ሥር ይቀመጣሉ፤ በዚያ ወለሉ ከፍ ይልና በውስጥ ደረጃ ይወጣበታል። የመካከለኛው ክፍል መንኮራኩሮች ሞተር ስለሌላቸው ወለሉ ዝቅ ብሎ ያልፋል፥ በሮቹም ዝቅ ባለው ወለል በኩል ይከፈታሉ። ከጠቅላላው ወለል ሰባ እጁ ዝቅ ያለ፥ ሠላሳ እጁ ከፍ ያለ ሆነ ማለት ነው። መቶ በመቶ ዝቅ ያለ ወለል ያላቸው ባቡሮችም በአውሮፓ ይሠራሉ፤ ነገር ግን አሠራራቸው የተወሳሰበ፥ ጥገናቸውም ውድ ነው። እኔ ሳስበው ለአዲስ አበባ የተመረጠው መካከለኛው መንገድ የተሻለ ነበር። አዲስ ነገር ለሚጀምር አገር የረቀቀው ሁሉ አይበጅም።

ኤሌክትሪኩ የሚመጣው ከሐዲዱ በላይ ከተዘረጋው ሽቦ ነው። ኀይሉ 750 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ነው። በጣሪያው ላይ ያለው ታጣፊ ክንድ፥ ፓንቶግራፍ የሚባለው፥ ሽቦውን ከሥሩ እየታከከ ኤሌክትሪኩን ይቀበላል። ከዚያ ወደ ሞተሮቹ ይወርድና በብረት መንኮራኩሮቹ አድርጎ በሐዲዱ በኩል ወደ ማከፋፈያው ይመለሳል። የፊዚክስ መምህራችን የኤሌክትሪክ ዙሪያ ካልተዘጋ ኤሌክትሪክ አይሄድም ሲሉ የሚያስተምሩት ይኸው ነው፤ ከላይ ያለው ሽቦ አንድ ገመድ፥ ከታች ያለው ሐዲድ ሁለተኛው ገመድ ነው። ዘመናዊ ባቡር ሲቆም ደግሞ ሞተሩ ሥራውን ይገለብጣል። መንኮራኩሩ ሞተሩን ያዞረዋል፥ ሞተሩም ኤሌክትሪክ አመንጪ ይሆናል፤ ኤሌክትሪክ ማመንጨቱ ራሱ ባቡሩን ይይዘዋል። ብረት በብረት ላይ ስለሚያንሸራትት፥ ይልቁንም ክረምት ሐዲዱ ሲረጥብ፥ እንዲህ ያሉ ባቡሮች ከመንኮራኩሩ ፊት አሸዋ የሚነሰንስ መሣሪያ ይኖራቸዋል። በዚህ ሁሉ ረቀቅ ባለ መሣሪያ መካከል የአሸዋ ከረጢት መገኘቱ ደስ ያሰኛል።

የአዲስ አበባ ከፍታ ነዳፊዎቹን ሌላ ነገር አሳሰባቸው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል ከላይዋ ያለው አየር ሳሳ ያለ ነው። የሳሳ አየር የፀሐይን ኃይለኛ ጨረር በደንብ አያግድም። ይህ ጨረር ቀለም ያደበዝዛል፥ ጎማንም ያሰነጥቃል፤ የበሩና የመስኮቱ ዙሪያ ሁሉ ደግሞ ጎማ ነው። ስለዚህ ለእነዚህ ባቡሮች ፀሐይ የሚችል ልዩ ጎማና ልዩ ቀለም ተደረገላቸው። ደግሞም የሳሳ አየር የጋለ መሣሪያን በደንብ አያቀዘቅዝም፥ ኤሌክትሪክንም እንደ ቆላ አየር አይከላከልም፤ በደጋ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ባቡር ይህ ሁሉ ታስቦለት መሠራት አለበት። የጉና ተራራ ልጆች ለሆንን ለእኛ የደጋ ፀሐይ ፊት እንደሚለበልብ አዲስ ነገር አይደለም።

ባቡሮቹ መርከብ ተጭነው፥ ከጅቡቲም በየብስ ተጓጉዘው በ2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። በዚያው ዓመት ጥር ወር መጨረሻ ሙከራ ተጀመረ። አካባቢያችን ቤተ ልሔም በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የታወቀችው ድጓ የተማረ ሁሉ ከየአገሩ መጥቶ የሚያስመሰክርባት በመሆኗ ነው፤ ማንም በሌላ ቦታ የቱንም ያህል ቢማር እዚህ ሳይፈተን ምስክር አይባልም ነበር። ባቡሩም እንዲሁ ሰው ሳይሳፈርበት ለብዙ ወራት ወጣ ወረደ። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. የሰሜን ደቡቡ መሥመር፥ ጥቅምት 29 ቀን የምሥራቅ ምዕራቡ መሥመር ለሕዝብ ተከፈተ። በዘመናችን ከሰሐራ በታች ባሉት የአፍሪካ አገሮች እንዲህ ያለ የከተማ ቀላል ባቡር ሲከፈት የመጀመሪያው ነበር። የመሳፈሪያው ዋጋ እንደ ርቀቱ 2፥ 4 እና 6 ብር ሆነ። ይህ ዋጋ ለቀን ሠራተኛ ረከሰለት፤ በታክሲ ሰልፍ ጠዋት ማታ ሲጉላላ የኖረ ሕዝብ በባቡሩ ተጋፋበት። ብዙም ሳይቆይ በቀን የሚሳፈረው ሰው ከመቶ ሺህ በላይ ሆነ።

ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት አስተዳደሩን ያገዘው የሼንዜን ሜትሮ የተባለው የቻይና ድርጅት ነው። ኢትዮጵያውያን ነጂዎችና ቴክኒሻኖች፥ ከእነርሱም ውስጥ ሴቶች፥ ሥልጠና እየወሰዱ ሥራውን ተረከቡ። ባለቤቱ በመጀመሪያ የኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ነበር፤ በኋላ ባቡሩ ወደ አዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ተላለፈ። የሚያድሩባቸውና የሚጠገኑባቸው ሁለት ግቢዎች በአያትና በቃሊቲ ተሠርተዋል።

ያልተወደደለትም ነገር አለ። ሐዲዱ በብዙ ቦታ በመሬት ላይ በአጥር ተከልሎ ስለሚሄድ ሰፈርን ከሰፈር ለየ። ቀድሞ መንገድ ተሻግሮ ጎረቤቱን የሚጠይቅ ሰው እስከ ማቋረጫው ዞሮ መሄድ ግድ ሆነበት። በድልድይ ላይ ባሉት ጣቢያዎች የቆሙት ማንሻዎች ብዙ ጊዜ ሥራ ስለሚያቆሙ፥ ወለሉ ዝቅ ብሎ የተሠራለት ደካማ ሰው ወደ ባቡሩ ለመድረስ ረጅም ደረጃ መውጣት ነበረበት። ይህ የባቡሩ ጥፋት አይደለም፤ ግን ባቡሩን የነደፈና ጣቢያውን የነደፈ ሰው እኩል ካላሰቡ የአንዱ ድካም በሌላው ይባክናል።

ከሁሉ የከፋው የመለዋወጫ ዕቃ እጦት ነው። የባቡር መንኮራኩር ብረት እየተበላ ይሄዳል፤ ፍሬን ያልቃል፥ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ይቃጠላል። ለዚህ ሁሉ መለዋወጫው የሚመጣው ከሠሪው አገር፥ የሚገዛውም በውጭ ምንዛሬ ነው። ምንዛሬ ሲጠፋ አንዱ ባቡር ቆመ፤ ለሌላው እንዲሆን ከቆመው ዕቃ ሲፈታ ደግሞ የቆመው ተመልሶ የማይነሣ ሆነ። የኤሌክትሪክ ገመድ የሚሰርቁ ሌቦችና የመብራት መቋረጥም ሥራውን አወኩት። በ2014ና በ2015 ዓ.ም. ከ41ዱ ባቡሮች ከግማሽ የሚበልጡት ቆመው ነበር፤ የተሳፋሪውም ቁጥር ከቀድሞው በእጅጉ ቀነሰ።

ይህ ለተሳፋሪው ምን ማለት እንደ ሆነ በሒሳብ ማየት ይቻላል። ባቡሩ በየጣቢያው ሲቆም ሲነሣ አማካይ ፍጥነቱን በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እናድርገው። 17.4 ኪሎ ሜትሩን ለመጨረስ 52 ደቂቃ ይፈጃል፤ ደርሶ ለመመለስ 104 ደቂቃ፥ በሁለቱ ጫፍ ለሚያርፍበት 16 ደቂቃ ብንጨምር በጠቅላላው 120 ደቂቃ ይሆናል። በመሥመሩ ላይ 20 ባቡር ካለ 120 ለ20 ሲካፈል በየ6 ደቂቃው አንድ ባቡር ይመጣል። 5 ባቡር ብቻ ከቀረ ግን በየ24 ደቂቃው ነው። ባቡር በየ6 ደቂቃው ሲመጣ ሰው ሰዓት ሳያይ ከቤቱ ይወጣል። በየ24 ደቂቃው ሲሆን አንድ ባቡር ያመለጠው ሠራተኛ ደመወዙ ይቀነሳል፥ ተማሪም ፈተና ያመልጠዋል፤ የመጣው ባቡርም አራት ባቡር የሚጭነውን ሰው ይዞ ስለሚመጣ አይገባበትም። ስለዚህ ተሳፋሪው ወደ ታክሲው ሰልፍ ይመለሳል። ባቡሩም ገቢው ይቀንስና መለዋወጫ መግዣ ያጣል። ነገሩ እንዲህ እየተሽከረከረ ይወርዳል።

አንዳንድ ሰዎች የቻይና ዕቃ ቶሎ ይበላሻል ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ያው ፋብሪካ የሠራቸው ሠረገላዎች በሌሎች ከተሞች በደኅና ሲሠሩ ኖረዋል። ልዩነቱ ከላይ በፔኪንጉ «ዲኬ 1» ያየነው ነው። እዚያ ሠረገላው ሲበላሽ የሠራው ሰው በባቡር ሄዶ ያየዋል፥ መለዋወጫው በአገሩ ገንዘብ ይገዛል፥ የሚቀጥለው ሞዴልም ከጉድለቱ ተምሮ ይወጣል። የእኛ 41 ባቡሮች ግን አንድ ጊዜ ተሠርተው የመጡ ናቸው፤ ከእነርሱ ጉድለት ተምሮ የወጣ ሁለተኛ ሞዴል የለም። ባቡር ሲገዛ ከጠቅላላው ዋጋ ለመለዋወጫ የሚሆነው ገንዘብ ከመጀመሪያው ተለይቶ ቢቀመጥ፥ ቢያንስ የፍሬን ሸራና የጎማ ዕቃ በአገር ውስጥ ቢሠራ ብዙዎቹ ባልቆሙ ነበር የሚል አስተያየት አለኝ። መንኮራኩሩ እንኳ ቢቀር እነዚህ ከአቅማችን በላይ አይደሉም።

ጋይንት ለዚህ ባቡር ምንም አላዋጣችም የሚል ሰው ቢኖር ጂኦግራፊውን ይመልከት። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ከሚለው ከጉና ተራራ ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ተነሥተው ወደ ጣና ሐይቅ ይገባሉ። ከጣና ደግሞ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የበለስ ኀይል ማመንጫ ውሃውን በዋሻ እየወሰደ 460 ሜጋዋት ድረስ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። የአገሪቱ የኤሌክትሪክ መሥመር ሁሉ እርስ በርሱ የተያያዘ ስለ ሆነ፥ በእኛ ተራራ ላይ የዘነበው ዝናብ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የሚሄደውን ባቡር ከሚያንቀሳቅሱት አንዱ ነው። ጥንት ባቡር ውሃውን አፍልቶ ይሄድ ነበር፤ የዛሬው በማይፈላ ውሃ ይሄዳል።

ባቡር ወደ እኛ ይመጣል ወይ የሚለው ጥያቄ በክፍላችን ብዙ ጊዜ ተነሥቷል። በአገሪቱ የባቡር እቅድ ውስጥ ከፍኖተ ሰላም በባሕር ዳርና በወረታ አድርጎ ወደ ወልዲያ የሚሄድ መሥመር ተነድፏል። ከወረታ እስከ ወልዲያ ያለው አሁን የምንሄድበት የመኪና መንገድ፥ በደብረ ታቦር፥ በነፋስ መውጫና በጨጨሆ የሚያልፈው፥ እርሱም የቻይና መሐንዲሶች ሥራ ነው፤ ሽማግሌዎቻችን እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ይሉታል። በወልዲያ በኩል የአዋሽ፥ ኮምቦልቻና ሐራ ገበያን ሐዲድ ሥራ የያዘው የቱርክ ኩባንያ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ግን ለመሐንዲስ አስቸጋሪ ነው። መኪና በመቶ ሜትር ውስጥ ስምንት ሜትር ቢወጣ እያቃሰተም ቢሆን ይወጣል። ዕቃ የጫነ ባቡር ግን ከሁለት ሜትር በላይ አይወድም፤ ይንሸራተታል። ስለዚህ የጨጨሆ ዳገት ወይ በረጅም ዙሪያ፥ ወይ በዋሻ ካልሆነ አይታለፍም። ሴባስቶፖልን በገመድ ያሳቡት ንጉሥ የገጠማቸው ዳገት ያው ነው። የወረታና የወልዲያ መሥመር እስካሁን በካርታ ላይ ነው ያለው፤ ሐዲድ አልተነጠፈበትም።